ጆሮዬ ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል፤ በየቀኑ ማስታወሻ መያዝ ይጠቅማል?

ሰላም ለሁላችሁም። ወደዚህ አገር ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከአምስት ወር ወዲህ ሁለቱም ጆሮዎቼ ይጮሃሉ። ቀን ሥራ ላይ ብዙም አይታወቀኝም። ማታ ቤት ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን ይጀምራል። ቀጭን ፉጨት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ እንደ አሮጌ ፍሪጅ እምምም ይላል። ሐኪሙ አይቶኝ "ቲኒተስ ነው" (ከውጭ ድምፅ ሳይኖር ጆሮ ውስጥ የሚሰማ ጩኸት ማለት ነው) አለኝና ለመስማት ምርመራ ቀጠሮ ያዘልኝ። እስከዚያው በየቀኑ ማስታወሻ ያዢ ብሎኛል። ምን እንደምጽፍ ግን አልነገረኝም። ሦስት ቀን ሞከርኩ። "ዛሬም ጮኸ" ከማለት ሌላ የሚጻፍ አጣሁ። ከመካከላችሁ የሞከረው ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። እንቅልፍ አጥቼ ሥራዬንም ላጣ ነው።

መልስ

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። እኔ ከዚህ ጩኸት ጋር መኖር ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። የመጀመሪያዎቹን ወራት ለማንም ሳልናገር ብቻዬን ነበር ያሳለፍኳቸው። ሰው "ለየለት" ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ግን በዓለም ላይ ከ740 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች ይህ ድምፅ እንደሚሰማቸው ገምቷል። 120 ሚሊዮን የሚሆኑት ደግሞ ክፉኛ ይቸገሩበታል። ስለዚህ ብቻሽን አይደለሽም፤ አእምሮሽም ደህና ነው።

በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉ ፀጉር መሰል ህዋሶች አሉ። በዕድሜ፣ በኃይለኛ ድምፅ ወይም በአንዳንድ መድኃኒት ሲጎዱ ወደ አንጎል የሚሄደው መልእክት ይቀንሳል። አንጎል የጎደለበትን ፍለጋ ይመስል የራሱን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። ጸጥታ ውስጥ የሚብስብሽም የሚሸፍነው ሌላ ድምፅ ስለማይኖር ነው። ማታ ማራገቢያ ወይም የዝናብ ድምፅ ዝቅ አድርገሽ ክፈቺ።

አሁን ወደ ማስታወሻው ልምጣ። እኔ መጀመሪያ የሠራሁትን ስህተት እንዳትደግሚው።

ደብተሬን ትራሴ ሥር ነበር የማስቀምጠው። ሌሊት በነቃሁ ቁጥር መብራት አበራለሁ፣ ጆሮዬን አዳምጣለሁ፣ ከዚያ ከ10 ነጥብ እሰጣለሁ። 8። 9። 9። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቁጥር ብቻ። ደብተሩ ጩኸቱን የማደምጥበት ሰበብ ሆነ። የመስማት ባለሙያዋ ገጾቹን አገላብጣ አየቻቸውና "የጆሮህን ነገር ጽፈሃል፤ አንተ ግን የለህበትም። እንዴት ዋልክ?" አለችኝ። ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ።

ከዚያ በኋላ ደብተሩን ከመኝታ ቤት አወጣሁት። ከሥራ እንደገባሁ ጫማዬን አውልቄ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ ለአሥር ደቂቃ እጽፍ ጀመር። አንድ ቁጥር የነበረውንም ሁለት አደረግኩት። አንዱ ድምፁ ምን ያህል ይጮሃል፣ ሌላው ምን ያህል ረበሸኝ። ከመጀመሪያው ወር ሁለት ቀን ልቅዳልሽ፦

"ማክሰኞ። እንቅልፍ 4 ሰዓት ተኩል። ጩኸት 7፣ ረብሻ 8። ከኢሚግሬሽን ደብዳቤ መጣ። ሳልከፍተው ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። ማታ ስለ እሱ ሳስብ ነጋ።"

"ሐሙስ። እንቅልፍ 7 ሰዓት። ጩኸት 7፣ ረብሻ 3። የልጄን ብስክሌት ሰንሰለት ስጠግን አንድ ሰዓት ያህል ረስቼው ነበር።"

አየሽው? ጩኸቱ ማክሰኞም ሐሙስም ያው 7 ነው። የተለወጠው እንቅልፌና ጭንቀቴ ነው። ድምፁን በእጄ ላጠፋው አልችልም፤ ደብዳቤውን ግን ከፍቼ ማንበብ እችል ነበር። በማግስቱ ከፈትኩት። አንድ ሰነድ እንድጨምር የሚጠይቅ ወረቀት ብቻ ነበር።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ "መቼ ረሳሁት?" የምትለው ጥያቄ ናት። ስንቴ እንደጮኸ መቁጠር ይቀላል። የረሳሁበትን ሰዓት ለማስታወስ ግን ቀኑን መለስ ብዬ ማየት አለብኝ።

ሌላው ቋንቋው ነው። ሐኪሙ "ድምፁ ምን ይመስላል?" ሲለኝ በእነሱ ቋንቋ የማውቀው አንድ ቃል ነበር። በአማርኛ ስጽፍ ግን ፉጨት፣ ጥዝታ፣ ውውታ፣ የፌንጣ ጭርጭርታ እያልኩ መለየት ቻልኩ። ስለዚህ በአማርኛ ጻፊ። ከቀጠሮው በፊት ዋናውን ነገር በአንድ ገጽ አስተርጉመሽ ይዘሽ ሂጂ። አስተርጓሚ ካስፈለገሽም ቀጠሮ ስትይዢ ተናገሪ። እኔ መጀመሪያ ልጄን ይዤ ሄጄ፣ ስለ እንቅልፍ እጦቴና ስለ ጭንቀቴ በልጅ አፍ ማስነገር አልሆነልኝም። ግማሹን ዋጥ አድርጌ ተመለስኩ።

የምትወስጂውንም መድኃኒት ከነመጠኑ መዝግቢ። ከፍተኛ መጠን ያለው አስፕሪን፣ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ አንዳንድ አንቲባዮቲኮች፣ ኩዊኒን፣ ፉሮስማይድ ጆሮ ሊነኩ ይችላሉ። በራስሽ ግን አታቋርጪ፤ ዝርዝሩን ለሐኪም አሳዪ። ሥራሽ ማሽን ያለበት ከሆነ እሱንም ጻፊ። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ድምፅን በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ አትስሙ ይላል። ሥራ ቦታ የጆሮ መከላከያ አድርጊ። ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ግን አታድርጊው፤ ጩኸቱን ያጎላዋል።

ደብተር ላይ ተጽፎ የማይቀመጥ ነገርም አለ። አንዱ ጆሮሽ በድንገት መስማት ካቆመ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂጂ። ሕክምናው ቶሎ ሲጀመር ነው የሚሻለው። ፊት መጣመም ወይም ከባድ ማዞር ከመጣም እንደዚያው። ድምፁ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ከልብ ምትሽ ጋር እኩል የሚመታ ከሆነ፣ ቀጠሮው እንዲፋጠንልሽ ንገሪያቸው። መኖር ያስጠላሽ ቀን ካለ ደግሞ ለደብተር ሳይሆን ለሰው ተናገሪ፤ ወዲያውኑ።

ጠብታና ክኒን የሚሸጥልሽ አይጠፋም። የአሜሪካ የጆሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ጊንኮ (ከዛፍ ቅጠል የሚሠራ)፣ ዚንክና ሜላቶኒን ለዚህ ችግር አይመከሩም ብሏል። የመስማት ችግር ላለው ሰው ግን የመስሚያ መሣሪያ ይረዳል። የሚያስጨንቀን ሐሳብና ልማድ ላይ የሚሠራው፣ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጠው ሕክምናም ጥሩ ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ 28 ጥናቶችን አይቶ፣ ጩኸቱ በኑሮ ላይ የሚያደርሰውን ጫና እንደሚቀንስ ጽፏል። እኔም አልፌበታለሁ። ደብተሬን ይዤ ነበር የምገባው፤ ባለሙያዋም ከዚያ ተነስታ ነበር የምትጠይቀኝ።

ሌላ መልስ

እኔ ላይ ማስታወሻው አልሠራም። ወንድማችን ያለውን ሁሉ አድርጌ፣ ሰዓቱ በደረሰ ቁጥር ሆዴ ይጨነቅ ነበር። በመጨረሻ ተውኩት። ይህንንም ብትሰሚው ብዬ ነው።

መልስ

እውነትሽን ነው፣ ደግ አደረግሽ። ሁለትና ሦስት ሳምንት ተሞክሮ ረብሻው ከጨመረ መቀነስ ይሻላል። እኔ ራሴ አሁን በየቀኑ አልጽፍም፤ እሑድ እሑድ ብቻ ነው። ቁጥር ለሚፈልግ ደግሞ ክሊኒኮች የሚጠቀሙበት 25 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። በየተወሰነ ወሩ አንዴ መሙላት ይበቃል። የመስማት ባለሙያዋን ጠይቂያት።

ጠያቂዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንቺም እህቴ፣ ሐሳብሽን ይዣለሁ፤ ከከበደኝ እተወዋለሁ። ደብተሩን ከአልጋዬ አጠገብ አንስቼ ሳሎን አስቀመጥኩት። ዛሬ እንዲህ ጻፍኩ፦ "እንቅልፍ 5 ሰዓት። ጩኸት 6፣ ረብሻ 6። ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ከእናቴ ጋር በስልክ አወራን። ስንት ፌርማታ እንዳለፈ አላስታውስም። ጆሮዬም ትዝ አላለኝ።" ቀጠሮዬ የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። አስተርጓሚ እንዲመድቡልኝ ጠዋት ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ።