የካምሻፍት ሴንሰር ቀይሬ ኮዱ ተመልሶ መጣ

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ጠዋት ቶሎ ትነሳለች። ሞተሩ ሞቆ ካጠፋኋት ግን ሞተሪኖው ብዙ ዞሮ ነው የምትነሳው፣ ሁለት ቀን ደግሞ እየነዳሁ መንገድ ላይ ጠፍታብኛለች። የሞተር መብራቱ በርቶ የተነበበው የብልሽት ኮድ ፒ0340 ነው። መካኒኩ የካምሻፍት ሴንሰሩን (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ የት እንደደረሰ ለኮምፒውተሩ የሚናገረውን) ቀይሮ ኮዱን አጠፋው፣ በሦስተኛው ቀን መብራቱ መልሶ በራ። አሁን ሌላ ሴንሰር ግዛ ይለኛል። ልግዛ?

መልስ 1፦
ኧረ አትግዛ! ፒ0340 ሴንሰሩ ሞቷል ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ በዚያ መስመር ትክክለኛ ሲግናል አልደረሰኝም ነው የሚልህ፤ ስለዚህ ሽቦውም ሶኬቱም ሊሆን ይችላል። ሶኬቱን ነቅለህ ዘይት ወይም ዝገት እንዳለው፣ ፒኑም እንዳልላላ እይ። ሴንሰሩ ሦስት ሽቦ ካለው አብዛኛውን ጊዜ ሆል ሴንሰር ነው፣ ማለትም በማግኔት የሚሠራና ከመኪናው ቮልት የሚፈልግ ዓይነት። ቁልፉን ከፍተህ፣ ሞተሩን ሳታስነሳ፣ ሶኬቱን በቴስተር ለካ፦ አንዱ ላይ እንደ መኪናው 5 ወይም 12 ቮልት መምጣት አለበት፣ አንዱ ኔጌቲቭ ነው፣ የቀረው ሲግናል። ቮልቱ ካልመጣ አስር ሴንሰር ብትቀያይር ዋጋ የለውም። በኦም የሚለካው ሁለት ሽቦ ያለው ነው፣ ሆሉን በኦም እየለካህ አትድከም።

መልስ 2፦
ሲሞቅ ብቻ ከሆነ እኔ ሽቦውን ነው የምጠረጥረው። የኔም እንደዚሁ አሰቃይቶኛል፤ ላስቲኩ ከላይ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ተበጥሶ በጥቂት ክር ብቻ ተያይዞ ነበር። ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ሽቦውን ከሶኬቱ ጀምረህ ቀስ እያልክ ነካ ነካ አድርገው። እጅህን ከፋኑና ከቺንጋው አርቅ፣ አደራ።

መልስ 3፦
ሽቦው ደህና ከሆነ የክራንክሻፍት ሴንሰሩንም (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ የሚከታተለውን) አስለካው፣ እየሄደች መጥፋቷ እሱንም ያስጠረጥራል። ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር ካሙ አንዴ ነው የሚዞረው፣ ኮምፒውተሩ ሁለቱን ያስተያያል። ሁለቱን ዘንጎች የሚያያይዘው ካቴና ከረዘመ ግን ብዙ ጊዜ ፒ0016 (የሁለቱ ዘንጎች አዟዟር አልተገጣጠመም የሚል ኮድ) ይመጣል፤ አንተ ጋ እሱ ስለሌለ ሞተር ለማስፈታት አትቸኩል።

ጠያቂው፦
አገኘሁት! ቮልቱ ሲለካ ትክክል ነው። ሞተሩ ሞቆ ከሶኬቱ ትንሽ ራቅ ብሎ ሽቦውን ስነካው ቀጥ አለች። የሲግናሉ ሽቦ ነው፣ ከትኩስ ቱቦ ጋር ተጠግቶ ደርቋል። የተበላሸውን ቆርጬ አዲስ ሽቦ ቀጠልኩ፣ ከቱቦውም አርቄ አሰርኩት። ይኸው አምስተኛ ቀኔ ነው፣ ሞቃም በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ከልብ አመሰግናለሁ።