አራት ሰው ይጽፋል፣ ደንበኛው ግራ ይገባዋል። አጻጻፋችንን እንዴት አንድ እናድርገው?

ማር_ቆራጭ (ባሕር ዳር)
ጤና ይስጥልኝ። ትንሽ ሱቅ አለን፤ ማር፣ የአዴት ጤፍ ዱቄትና የዘጌ ቡና አሽገን እንሸጣለን። ስድስት ነን፣ ከስድስቱ አራታችን እንጽፋለን። አንዷ ቴሌግራሙን፣ አንዱ ፌስቡኩን፣ አንዱ ለደንበኛ መልስ፣ እኔ ማሸጊያውን። ቴሌግራም ላይ «ቤተሰብ፣ ማር ገብቷል፣ ፍጠኑ!» ይባልና የእሳት ምልክት ይደረደራል። ማሸጊያው «ክቡራን ደንበኞቻችን፣ ምርታችንን ስለመረጡ ከልብ እናመሰግናለን» ይላል። ፌስቡኩ የቀበሌ ማስታወቂያ ነው የሚመስለው። ባለፈው ሳምንት አንዲት የቆየች ደንበኛችን ደውላ «ገጻችሁ ተጠለፈ እንዴ?» አለችን። ሳቅን፣ ግን ነገሩ ገባን።

አለቃችን ስብሰባ ጠራ። ሰሌዳ ላይ «ታማኝ፣ ዘመናዊ፣ ቤተሰባዊ» ተጻፈ፣ ሁላችንም ተስማማን፣ ቡና ጠጥተን ተበተንን። በነጋታው ሁሉም እንደ ድሮው። ጭራሽ የቴሌግራሟ ልጅ የኔን ጽሑፍ «የእድር ደብዳቤ» አለችው፣ እኔም የሷን «የታክሲ ረዳት ጩኸት» አልኩት፣ ይኸው ተኮራርፈናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መንቆረር (ደብረ ማርቆስ)
የተስማማችሁት እኮ የሚጣሉበት ነገር ስላልነበረ ነው። «ታማኝ አንሁን» የሚል ሻጭ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እኛ መሥሪያ ቤት ያደረግነውን ልንገርህ። አንድ መልእክት ያዙ፣ ቢቻል መጥፎ ዜና ይሁን፣ ለምሳሌ «ዱቄቱ ሦስት ቀን ይዘገያል»። ሁሉም ለየብቻው ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ጽዳት ሠራተኛዋም ሾፌሩም ሳይቀሩ። ስም አይጻፍ። ወረቀቱ ይደባለቅና አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው። ከዚያ «የቱ ያምራል?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ፣ ያን ጊዜ ሁሉም የራሱን ይመርጣል። «ደንበኛው ፊታችን ቆሞ ቢሆን የቱን እንለው ነበር?» በሉ።

እኛ ጋ ያሸነፈው የመጋዘን ሠራተኛው ነው። «ዱቄቱ አልደረሰም፣ ወፍጮው ተበላሽቶ ነው። ሐሙስ እናመጣልዎታለን። መጠበቅ ካልቻሉ ብርዎን እንመልሳለን።» አለቀ። እኔ በሙያዬ ነው የምጽፈው፣ ግን «ለተፈጠረው መጉላላት» ምናምን ብዬ ግማሽ ገጽ ስሞላ ዱቄቱ ሐሙስ እንደሚመጣ መጻፉን ረስቼው ነበር።

እታለም (ዳንግላ)
መንቆረር ያለው ልክ ነው፣ ግን ከዚያ በፊት ደንበኛውን ምን ብላችሁ እንደምትጠሩት ወስኑ። እንግሊዝኛ «ዩ» ብሎ ይገላገላል። የኛ ግስ ግን ምንም አይደብቅም። «እዘዝ» ካላችሁ ሴቷን ትታችኋል፣ «እዘዢ» ካላችሁ ወንዱን። «ይዘዙ» ለሁለቱም ይሆናል፣ ግን የሃያ ዓመት ልጅ ሲያነበው አያቱን የሚያናግሩ ሊመስለው ይችላል። «እዘዙ» መሀል ላይ ነው። እኔ ብሆን ለብዙ ሰው ሲለጠፍ «እናንተ»፣ ለአንድ ሰው መልስ ሲሰጥ «እርስዎ» እላለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ክርክር የለም። እናቴ ዛሬም ታላቋን «አንቱ» ነው የምትል፤ በስልክ «አንቺ» ካላት ሻጭ ሁለተኛ አልገዛችም፣ ማሩ ምንም ቢጣፍጥ።

ፊደልም አለ። «ዓመት» ነው ወይስ «አመት»? «ፀሐይ» ወይስ «ጸሀይ»? የቱ ትክክል ነው ብላችሁ ከገባችሁ አትወጡም፣ አንዱን ያዙና ቀጥሉ። ሰዓት ስትጽፉ ደግሞ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» በሉ። ውጭ አገር ሆኖ ለቤተሰቡ የሚያዝ ደንበኛ ካላችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር 8 ሰዓት መሆኑንም ጨምሩለት፣ አለበለዚያ ሌሊት ይደውልላችኋል።

የቆሎ_ተማሪ (ሞጣ)
ሁለታችሁም ያላችሁት ጥሩ ነው፣ ግን ወረቀት ብቻውን ሰው አያርምም። ቅኔ ቤት ያለፈ ያውቀዋል፤ ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ፣ ማለትም በልቡ አዘጋጅቶ፣ ሲጨርስ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል፣ ያ ሁሉ ሕግ ጆሮው ውስጥ የሚገባው እዚያ ነው። እናንተም አንድ አራሚ ምረጡ። ምንም ነገር ሳያየው አይለጠፍ፣ የአለቃችሁም ቢሆን። በተለይ የአለቃችሁ።

መንቆረር
አያ፣ አራሚው የታመመ ቀን ሱቁ ዝም ሊል ነው?

የቆሎ_ተማሪ
ለሁለት ወር ብቻ ነው እኮ። እስኪለምዱ። መምህሩም ዕድሜ ልክ አያርምም።

እታለም
የቴሌግራሟን ልጅ ደግሞ አታፍኗት። ማር ሲገባ ደስ ብሏት ትጻፍ። «ብር ልኬ ዕቃው አልመጣም» ላለ ሰው ግን እሳቱንም ቃለ አጋኖውንም ታጥፋው። ሰው ያው አንድ ሰው ሆኖ ሠርግ ቤትና ልቅሶ ቤት እኩል አይናገርም አይደል?

ማር_ቆራጭ
ተመለስኩ። ቅዳሜ ሞከርነው፣ በዘገየው ዱቄት። ወረቀቶቹ ሲነበቡ የኔን ሁሉም የአለቃችን ነው ብለው ሳቁ፣ አለቃችንም አብሮ ሳቀ፣ እኔም ዝም አልኩ። ያሸነፈችው የቴሌግራሟ ልጅ ናት። ያለ እሳት ስትጽፍ እንዲህ አጥርታ ትጽፋለች ብዬ አልጠበቅሁም። አራሚም እሷን አደረግናት። ለብዙ ሰው «እናንተ»፣ ለአንድ ሰው «እርስዎ» የሚለው በሁለት ደቂቃ አለቀ። በ«ዓመት» ግን አንድ ሰዓት ተከራከርን።

አሁን የቀረን አንድ ነገር ነው። «ክቡራን ደንበኞቻችን» የሚል ማሸጊያ ሁለት ሺህ ታትሞ መጋዘን ተቀምጧል። እንጣለው?

መንቆረር
ብር ተከፍሎበት? ሽጡበት እንጂ። ሲያልቅ አዲሱን እሷ ትጻፈው።