ከጣና የነቀልነውን እምቦጭ ምን እናድርገው?

ጤና ይስጥልኝ። በደንቢያ፣ በጣና ዳር ባለች ትንሽ መንደር የምንኖር የበጎ ፈቃድ ማኅበር አባላት ነን። እምቦጭ ሐይቁ ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ታግለናል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ወገባችን ውኃ ውስጥ ገብተን በእጃችን እንነቅላለን። መንቀሉን ለምደነዋል። ያቃተን ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

አምና ዳር ላይ የከመርነው ላዩ ደርቆ እንደ ገለባ ይንኮሻኮሽ ነበር። በመንሽ ስንገልጠው ግን ውስጡ እርጥብ፣ ቅጠሉም ገና አረንጓዴ ነው። በክረምቱ መጨረሻ ሐይቁ ሞልቶ ክምሩን አንሥቶ ወሰደው። የወራት ድካማችን ተመልሶ ሲንሳፈፍ ቆመን አየን፤ አንጀት ያቃጥላል።

አሁን ከዳር ራቅ ብለን ለኮምፖስት ጉድጓድ ቆፍረናል። ሆኖም የእምቦጭ ዘር ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ፣ ገበሬዎቹ «በማዳበሪያው ማሳችን ገብቶ በጎርፍ ወደ ሐይቁ እንዳይመለስ» ብለው ሰግተዋል። ስጋታቸው ትክክል ነው።

ይህን የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ዘሩ እንዲሞት ክምሩ ምን ያህል መጋል አለበት? በየስንት ቀኑ ይገላበጣል? ሐምራዊ አበባው ሳይወጣ የተነቀለውን ብቻ ብንጠቀምስ ይበቃል? እባካችሁ ክረምቱ ሳይገባ ንገሩን።