ልጆች ማይንክራፍት ለምን አይሰለቻቸውም?

የጦሳ ሥር እናት (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 10 ዓመቱ ነው። ሌላው ጌም መጥቶ ይሄዳል፤ አንድ ሰሞን ያብዳሉ፣ ከዚያ ከስልኩ ይጠፋል። ማይንክራፍት ግን አልወጣ አለ። ቁጭ ብዬ አየሁት። ሰዉ ሣጥን፣ ላሟ ሣጥን፣ ፀሐይዋ እንኳን አራት ማዕዘን። ምኑ ነው እንዲህ የያዛቸው? ልከልክለው ወይስ ልተወው?

የኮምቦልቻው፦
እኔም በልጅነቴ ተጫውቼዋለሁ። ስዊድናዊው ማርኩስ ፐርሰን ለሕዝብ ያወጣው እንደ ፈረንጆቹ በ2009 ነው። በ2014 ማይክሮሶፍት በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በ2023 ሽያጩ ከ300 ሚሊዮን ቅጂ አልፏል ተባለ። ደግሞ ብቻሽን ስትጫወቺ ኢንተርኔት አይፈልግም። ኔትወርክ ሲጠፋ ብዙው ጌም ይዘጋል፣ እሱ ይሠራል።

መምህር ዘሐይቅ፦
አብሽሪ እህቴ። እኔ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ የገባኝን ልንገርሽ።

የእህቴ ልጅ ላሊበላን አይታ ከተመለሰች በኋላ ቤተ ጊዮርጊስን ማይንክራፍት ላይ በብሎክ ልሥራ አለች። መጀመሪያ እንደማንኛውም ቤት ከታች ወደ ላይ ደረደረችው። ግድግዳው ሊያልቅ ሲል አፈረሰችው። «አጎቴ፣ እሱኮ ከላይ ወደ ታች ነው የተፈለፈለው» አለችኝ። ዙሪያውን ጉድጓድ መቆፈር ጀመረች፤ መሀል ላይ በመስቀል ቅርጽ ድንጋዩን እየተወች። ከፍታውን ጠየቀችኝ፣ 12 ሜትር ገደማ ነው አልኳት። «12 ብሎክ!» አለች ወዲያው። ጌሙ ላይ አንዱ ብሎክ አንድ ሜትር ነዋ። ክፍል ውስጥ ስለ ስፋትና ይዘት ስናገር እንዲህ ዓይኑ የሚበራ ተማሪ ባገኝ ምን ነበረበት!

የምትጫወተው ሰርቫይቫል የሚባለውን ነው። ዶማው አልቆ ሲሰበርባት ሌላ ትሠራለች። ሲመሽ ዞምቢ ይመጣል፣ ገብታ ትደበቃለች፣ ሲነጋ ትቀጥላለች። የጌሙ መጨረሻ ላይ ያለውን ዘንዶ ገድለው «ጨረስን» የሚሉ ልጆች አሉ፤ እሷ ግን ትዝም አላላት። ልጅ ቀኑን ሙሉ ተነስ፣ ብላ፣ አጥና እየተባለ ይውላል። እዚያ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ራሱ ነው። እኔ የማይሰለቻቸው ለዚህ ነው ባይ ነኝ። ሰዓት ወስኚለት እንጂ አትከልክዪው። ምን እየሠራህ ነው ብለሽም ጠይቂው፣ ሲያስረዳሽ ታያለሽ።

የጦሳ ሥር እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ መምህር። አሁን ደግሞ የክፍሉ ልጆች ሮብሎክስ ግባ እያሉት ነው። ያው ነው?

መምህር ዘሐይቅ፦
አይደለም። ሮብሎክስ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም፤ ውስጡ ያሉትን ጌሞች የሚሠሩት ራሳቸው ተጫዋቾቹ ናቸው፣ ጥሩም መጥፎም አለ። ከማያውቀው ሰው ጋር ሊገናኝ ስለሚችል ትክክለኛ ዕድሜውን አስገቢ፣ ቻቱንም ከወላጅ መቆጣጠሪያው ዝጊው። ሮበክስ የሚሉት የጌሙ ገንዘብ በእውነተኛ ብር ነው የሚገዛው፤ የባንክ ካርድሽን ስልኩ ላይ እንዳታስገቢ። ከጓደኞቹ ጋር መጫወት ካማረው ቤት ጥሪያቸው፤ በአንድ ዋይፋይ ማይንክራፍት ላይ አብረው ይገባሉ።