ርክክብ ሳይደረግ ታች ፎቅ ላይ ተከራይ ማስገባት እንዴት ነው? (ሜክሲኮ፣ ጂ+12)

የሜክሲኳ፦
ሰላም የሙያ ቤተሰቦች፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። አዲስ አበባ ሜክሲኮ አካባቢ ሁለት ቤዝመንት ያለው ጂ+12 ህንፃ ላይ በባለቤቶቹ በኩል ሆኜ ፕሮጀክቱን እከታተላለሁ። ኮንሰልታንት ለብቻ አለ፣ ሬዚደንቱም (የኮንሰልታንቱ ተቆጣጣሪ መሃንዲስ) ሳይት ላይ ነው። ስትራክቸር አልቋል፣ ብሎኬት 9ኛ ፎቅ ደርሷል፣ ልስን ከስር ከስር እየተከተለ ነው፣ ግራውንድና አንደኛ ፎቅ ግን ባለቤቶቹ ስለተጣደፉ ቀድመው ተሰርተው ሴራሚክና ጂፕሰማቸው ሁሉ ገብቷል። ጣራው ገና ነው። አሁን አንድ ባንክ መጥቶ ሁለቱን ፎቆች ልከራይ፣ የአመቱንም በቅድሚያ ልክፈል፣ ግን ክረምቱ ሳይወጣ ልግባ ብሏል። ባለቤቶቹ ወራሾች ናቸው፣ እነሱን አንድ ሀሳብ ላይ ማምጣት ራሱ ሌላ ፕሮጀክት ነው፣ በዚህኛው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ተስማሙ። ገንዘቡም እውነት ለመናገር ለቀሪው ስራ ያስፈልገናል።

ውሉ ፊዲክ (አለም አቀፉ የግንባታ ውል ሞዴል) ነው፣ ቀዩ፣ በፈረንጅ የ1999ኙ። ማጠናቀቂያ ቀኑ ለጠቅላላው ህንፃ አንድ ነው፣ በክፍል በክፍል መረከብ የሚል ነገር የለውም። የጨነቀኝ ኮንትራክተሩ ነው። ቀኑ አልፎበት የመዘግየት ቅጣት እየተቆጠረበት ያለ ሰውዬ ተከራይ ሊገባ ነው ስንለው አይኑን ሳያሽ "ይግቡ ምን ችግር አለ" አለን። እስከዛሬ ለአንድ በር ቀለም ለውጥ እንኳን ቫሪዬሽን (የስራ ለውጥ ትእዛዝና ክፍያ) የሚጠይቅ ሰው እኮ ነው። ምን አይቶ ነው? በዛ ላይ ብሩ ከተለቀቀ (ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ) ወዲህ ላለው የዋጋ ማስተካከያ ክፈሉኝ የሚል ደብዳቤ አምጥቷል። ትራንስፎርመርም ገና አልተጠየቀም፣ ሳይቱ የሚሰራው በጊዜያዊ ቆጣሪ ነው። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ።

ጋሽ ውሉ፦
እህቴ ምን እንዳየ ልንገርሽ፣ አንቀፅ 10.2ን አይቶ ነው። ውሉ የሚለው ባለቤት የርክክብ ሰርተፍኬት ሳይወጣ የህንፃውን የትኛውንም ክፍል አይጠቀምም ነው። ከተጠቀመ ግን ያ ክፍል መጠቀም ከጀመረበት ቀን አንስቶ እንደተረከበ ይቆጠራል፣ የመጠበቅ ሃላፊነቱ ወደናንተ ይዞራል፣ ኮንትራክተሩ ሰርተፍኬት ስጡኝ ካለም ኢንጂነሩ (ውሉን የሚያስተዳድረው፣ እናንተ ጋ ኮንሰልታንቱ) መስጠት አለበት። የቀን ቅጣቱ ደግሞ በተረከባችሁት ክፍል ዋጋ ልክ ይቀንስለታል (የቅጣቱ ጣሪያ አይነካም፣ የቀኑ ሂሳብ ብቻ ነው)። ከሪቴንሽኑም (ከየክፍያው ተቀንሶ ከተያዘበት ገንዘብ) ይለቀቅለታል፣ 14.9 ላይ ነው ያለው፣ የዛን ክፍል ድርሻ አስልተሽ የድርሻውን 40 በመቶ። ይባስ ብሎ መግባታችሁን በፅሁፍ ካልተስማማና በመግባታችሁ ወጪ ወጣብኝ ካለ ወጪውን ከነትርፉ መጠየቅ ይችላል። አንዲት "እሺ" ብሎ ይሄን ሁሉ የሚያገኝ ሰው ለምን ይከራከርሻል?

አንዲት ቀዳዳ አለች፣ ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት ጊዜያዊ አጠቃቀም ከሆነ ከዚህ ውጪ ነው። ግን የአመት ኪራይ የከፈለ ባንክ ጊዜያዊ ነው ብለሽ ማንን ታሳምኛለሽ።

የዋጋ ማስተካከያውን ከዚህ ጋር አታዋህጂው። 13.8 የሚሰራው የማስተካከያ ሰንጠረዡ ከውሉ አባሪ ጋር ካለ ብቻ ነው፣ ሰንጠረዡ ከሌለ አንቀፁ አይሰራም፣ ስለዚህ መጀመሪያ አባሪውን አገላብጪ። ብሩ የተለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው፣ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ወጣ፣ ሰውየው ተጎድቷል እሱ አይካድም። ግን በሌላ አንቀፅ ነው የመጣሁት ካለ 20.1 ላይ ያለው የ28 ቀን ማሳወቂያ አለበት፣ ጉዳዩን ካወቀ በ28 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ነበረበት። የደብዳቤውን ቀን እዪ።

ሳይት አቧራ፦
እኔ ውል ምናምን አላውቅም ፎርማን ነኝ። ላይ ስራ እያለ ታች ሰው ማስገባት ከባድ ነው፣ 9ኛ ላይ ብሎኬት የሚደረድር ልጅ እጁ ላይ ያለች መዶሻ ብታመልጠው ታች በር ላይ ደንበኛ ተሰልፏል፣ ሜክሲኮ ደግሞ እግረኛውን ታውቂዋለሽ ስራ መውጫ ሰአት ላይ መቆሚያ የለም። ስለዚ ባንኩ ከሳይቱ በር በደንብ የራቀ የራሱ መግቢያ ይኑረው፣ ከመግቢያው በላይ በወፍራም ጣውላ የተመታ መከለያ ወደ ውጪ ወጣ ተደርጎ ይሰራ፣ ስካፎልዲንጉ በዛ ፊት ከሆነ መረብ ይልበስ፣ ማቴሪያል ማውጫው በዛ በኩል ከሆነም ወደ ጀርባ ይዙር። ከባድ መኪና ቀን መሃል ከተማ ስለማይገባ የምናራግፈው ማታ ነው፣ የባንክ ዘበኛ ደሞ ማታ ማንንም አያስጠጋም፣ ይሄን አስቀድማችሁ ካልተነጋገራችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የምትጣሉት።

ከሁሉም በላይ ግን ጣራው ገና ነው ብለሻል፣ በክረምት! ውሃ በሻፍት (ቱቦና ኬብል ከፎቅ ፎቅ በሚያልፍበት ክፍት ቦታ) ገብቶ በሊፍት ጉድጓድ ወርዶ የሚያበላሸው ያንን ታች ያለውን ጂፕሰም ነው፣ ላይ ያሉት ፎቆች ገና ምንም የላቸውም። ጣራው ይዘጋ፣ የሻፍቶቹ አፍ ይከደን፣ ከባንኩ በላይ ያሉት ሽንት ቤቶች ውሃ ተሞልቶባቸው ሁለት ቀን ይደርና ከስር ይታይ፣ ከዛ በኋላ ሰው ይግባ።

ሜገሩ፦
የኤሌክትሪክ ነገር ላይ ልጨምር። ትራንስፎርመር ያልተጠየቀበት ህንፃ ላይ የተከራይ ቀን መቁረጥ ቀልድ ነው። የጭነት ስሌቱን (ሊፍት፣ ፓምፕ፣ ኤሲ፣ ተከራይ፣ ሁሉም) ከዲዛይነሩ ተቀበዪና ነገ ማመልከቻ አስገቢ፣ ትራንስፎርመሩ ከህንፃው በላይ ሊቆይ ይችላል። ጊዜያዊ ቆጣሪው ለሚክሰርና ለመበየጃ የተጠየቀ ነው፣ ባንኩ ሰርቨሩን እዛ ላይ ሰክቶ ላይ ያለው በያጅ ስራ ሲጀምር መብራቱ እንዴት እንደሚሆን አስቢው።

ለሁለቱ ፎቆች የተዘረጋው ኬብል የኢንሱሌሽን ቴስት (ሽፋኑ ኤሌክትሪክ እንደማያሾልክ በሜገር መለካት) ይደረግለት፣ ኧርዚንጉ (የመሬት ሽቦው) ይለካ፣ ውጤቱ ተፈርሞበት ይቀመጥ። የእሳት መስመሩንም ጠይቂ። ፓምፑ ቤዝመንት ላይ ካልተገጠመና መስመሩ በግፊት ካልተሞከረ ግራውንድ ላይ የተሰቀለው የእሳት ቱቦ ጌጥ ነው፣ ውሃ የለውም። ጀነሬተሩስ የማን ነው የሚሆነው፣ ጭሱስ በየት ይወጣል?

የፋይል ልጅ፦
እናንተ ውልና ግንባታ ላይ ናችሁ፣ ፍቃዱን ማንም አላነሳም። አዋጅ 624/2001 ከፍታው ከ12 ሜትር በላይ የሆነን ህንፃ ምድብ ሐ (ትልልቅ ህንፃዎች ያሉበት ምድብ) ብሎ መድቦት ነበር፣ ጂ+12 ደግሞ ጥርጥር የለውም፣ እና የመጠቀሚያ ፍቃድ ሳያወጣ አገልግሎት ላይ አይውልም። የግንባታ ፍቃድና የመጠቀሚያ ፍቃድ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው፣ ብዙ ባለቤት አንዱን ይዞ ሁለቱን ያለው ይመስለዋል። በከፊል ላለቀ ህንፃ እንዴት እንደሚስተናገዱ ፋይላችሁ ያለበት የግንባታ ፍቃድ ቢሮ ሄደሽ በፅሁፍ ጠይቂ፣ በቃል "ችግር የለውም" ያለሽ ባለሙያ ነገ ቦታ ይቀየራል። ስትሄጂ በየደረጃው ቁጥጥር የተደረገበትን ወረቀት ያዢ (መሰረት፣ ኮለን፣ ሶሌታ ማለትም የየፎቁ የአርማታ ወለል)። አንዱ ደረጃ ላይ ፊርማ ከጎደለ የሚታወቀው ያኔ ነው፣ እና ያኔ ፈራሚ መፈለግ አድካሚ ነው።

የለገሃሩ፦
ኧረ ሰው አታስፈራሩ ባካችሁ። መሃል ከተማ ላይ ስንት ህንፃ ታች ሱቅ ተከራይቶ ላይ እየተለሰነ ነው የሚያልቀው፣ ባለቤት ገንዘብ ከየት ያምጣ? አይቻልም ከማለት እንዴት ይቻላል ማለት ይሻላል። ጋሽ ውሉ የጠቀሱት አንቀፅ የሚጎዳው ዝም ብሎ የሚገባን ሰው ነው። እኛ የሰራነው የውል ማሻሻያ ነበር፣ የታችኞቹን ፎቆች አንድ ክፍል፣ ቀሪውን ሁለተኛ ክፍል አድርገን ለየብቻ ማጠናቀቂያ ቀን፣ ለየብቻ ቅጣት ፃፍን፣ ሪቴንሽኑንም ከፋፈልን። ኮንትራክተሩ አሁን መፈረም ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ቅጣቱ ይቀንስለታል፣ አንቺም በዚህ ሰአት ነው የምትደራደሪው። ተከራይ በመግባቱ ምክንያት ተጨማሪ ጊዜም ወጪም አልጠይቅም ብሎ ይፈርምልሽ፣ መከለያውንና የማታ ማራገፉን በራሱ ወጪ ይያዝ። ከገባችሁ በኋላ ግን ምንም አይፈርምም።

ከዛ እንደማንኛውም ርክክብ ነው። ኢንጂነሩ፣ ኮንትራክተሩና አንቺ አብራችሁ ክፍል በክፍል ዙሩ፣ የጉድለት ዝርዝሩ እዛው ይፃፍ፣ ፎቶ ቀን ያለው ይነሳ፣ ቆጣሪ ይነበብ፣ ቁልፍ በቁጥር ይፈረም። ኢንሹራንሱም ጋ ደውዪ፣ የኮንትራክተሩ ፖሊሲ ሰው የገባበትን ክፍል ላይሸፍን ይችላል፣ ባለቤቶቹ ያንን ክፍል ለብቻ ማስገባት ሊኖርባቸው ነው።

የሜክሲኳ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ የውል ማሻሻያው ሀሳብ ደስ ብሎኛል ባለቤቶቹም የሚሰሙት ይመስለኛል። ጋሼ ሰንጠረዡን አየሁት፣ አባሪው ላይ የለም። አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር፣ ባንኩ ግራውንድ ላይ የካዝና ክፍል በአርማታ እሰራለሁ ብሏል፣ የራሱን ኮንትራክተር ይዞ ነው የሚመጣው፣ ለኤሲም አንዳንድ ቦታ ሶሌታ እንበሳለን ብለዋል። ይሄስ?

ስታቲክስ፦
ቆይ ቆይ፣ ይሄን መጀመሪያ ነበር ማለት የነበረብሽ! ግራውንዱ ስር ቤዝመንት አለ አይደል? ስለዚህ ያ ካዝና የሚቀመጠው አፈር ላይ ሳይሆን ሶሌታ ላይ ነው። ቢሮ ተብሎ የተሰራ ሶሌታ በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ኪሎ አካባቢ ታስቦለት ነው፣ ሱቅ ከተባለ 400 ወይ 500። አሁን አስዪው፣ 30 ሳንቲ ውፍረትና 3 ሜትር ከፍታ ያለው የአርማታ ግድግዳ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል፣ ያ ግድግዳው ብቻ ነው፣ የላዩ ክዳን፣ በሩና ካዝናው ገና አልተቆጠረም። የስትራክቸር ዲዛይነሩ አስልቶ በፅሁፍ ካልፈቀደ አንድ ባሬላ አርማታ እንኳን እንዳይገባ። ብዙ ጊዜ የሚሻለው ወደ ታችኛው ቤዝመንት ማውረድ ነው፣ እዛ ጭነቱ በቀጥታ ወደ መሰረቱ ይሄዳል፣ ግን ያኔ ውሃ መከላከያውና የፓርኪንግ ቁጥሩ ይነካል፣ ፓርኪንጉ ደግሞ በፀደቀው ፕላን ላይ ያለ ነው።

ብሳቱን በተመለከተ ሶሌታ ከተበሳ በስካነር ፌሮው ያለበት ተለይቶ፣ ዲዛይነሩ ባሳየው ቦታ፣ በኮር ማሽን (አርማታን ክብ አድርጎ ቆርጦ በሚያወጣ መሰርሰሪያ) ነው። በመዶሻ አይደበደብም። ቢም አይነካም፣ የሊፍቱ ዙሪያ ያለው ግድግዳማ ጭራሽ አይታሰብ፣ ህንፃውን በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ የሚይዘው እሱ ነው። በ2017 ታህሳስና ጥር የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ሲሰማ ሰው ከፎቅ እየሮጠ የወረደው ረጅም ጊዜ አልሆነውም።

ጋሽ ውሉ፦
ስታቲክስ ባነሳው ላይ አንድ ነገር። በፍትሐ ብሔር ህጉ አንቀፅ 3039 መሰረት ኮንትራክተር ለስራው ጥራትና ለህንፃው ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ 10 አመት ዋስ ነው። ባንኩ በራሱ ሰው ሶሌታ በስቶ ከ4 አመት በኋላ ስንጥቅ ቢመጣ ኮንትራክተሩ የሚለው መልስ አንድ ነው፣ "እኔ ያስረከብኩት ይሄን አልነበረም"። ስለዚህ ማሻሻያው ላይ የስትራክቸር ዋስትናው ለሁሉም ፎቅ ከጠቅላላው ርክክብ ቀን እንደሚጀምር ይፃፍ፣ አለዚያ ለአንድ ህንፃ ሁለት ዋስትና ቀን ይዘሽ ትቀሪያለሽ። የባንኩ ኮንትራክተር የሚሰራውም ስእል በኢንጂነሩ ካልፀደቀ ስራ እንዳይጀምር ኪራይ ውሉ ላይ ይግባ። ኪራይ ውሉን ባለቤቶቹ ፈርመውታል እንዴ?

የሜክሲኳ፦
አልፈረሙም ተመስገን፣ ቅዳሜ ነው ቀጠሮው። እንዳይፈርሙ ዛሬውኑ እደውላለሁ። የካዝናውን ለዲዛይነሩ፣ የውል ማሻሻያውን ለኮንትራክተሩ ደብዳቤ ፅፌ ነገ ላስገባ ነው፣ ትራንስፎርመሩንም በዛው።

የለገሃሩ፦
ማሻሻያው የባለቤትና የኮንትራክተር ስምምነት ስለሆነ ደብዳቤው በባለቤቶቹ ፊርማ ይውጣ፣ ግልባጭ ለኢንጂነሩ። ሳይት ላይ ይሄ ይነሳ ያ ይሰራ የሚለውን ግን አንቺ እንዳትፅፊ፣ ኮንትራክተሩ ትእዛዝ የሚቀበለው ከኢንጂነሩ ነው፣ በቀጥታ ካዘዝሽው ያችን ወረቀት ይዞ ነው ክሌም (የካሳ ጥያቄ) የሚያመጣው።

ሳይት አቧራ፦
ጣራውን ግን ደብዳቤ አትጠብቂ፣ ሻፍቶቹን ዛሬ ማታ በላስቲክና በጣውላ እንዲከድኑ ሬዚደንቱን ንገሪው፣ ደመናው መጥቷል።