«እናቴ ባትጥለው ኖሮ»፦ የቤዝቦል ካርድ ጨዋታ ነው ወይስ ቁማር?

የፓይኩ ልጅ
ቅዳሜ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ልደት ተጠርተን ነበር። ለ9 ዓመቱ ባለልደት የቤዝቦል ካርድ ፓክ (የተጫዋቾች ፎቶ ያለባቸው ካርዶች የታሸጉበት) በስጦታ መጣለት። ልጁ ሊቀደው ሲል አባትየው መንጭቆ ወሰደበት። «አትንካው! ጣትህ ዋጋውን ይቀንሰዋል» አለው። ከዚያ ራሱ እንደ ቀዶ ሐኪም ተጠንቅቆ ከፈተው። ልጁ ኬኩን ፍለጋ ሄደ።

ለምን ስለው ያንን ሁላችሁም የሰማችሁትን ዜና ጠቀሰልኝ። የሎስ አንጀለሱ የ11 ዓመት ልጅ የቤዝቦል ተጫዋቹን የፖል ስኪንስን ካርድ ከፓክ አውጥቶ፣ በ2025 መጋቢት ላይ 1.11 ሚሊዮን ዶላር ወጣለት። «ኢንቨስትመንት ነው» አለኝ ሰውየው፣ ምስር ወጡን እየጠቀለለ።

እኔ በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ፣ ኮሎምቢያ ፓይክ የሚባለው መንገድ ላይ ነው ያደግኩት። ከትምህርት ቤት ስንወጣ በሳንቲም ቶፕስ የሚባለውን ካምፓኒ የካርድ ፓክ እንገዛ ነበር። ውስጡ ሮዝ ማስቲካ አለ፤ እንደ ደረቀ የግድግዳ ቀለም የሚሰባበር። ሁለት ደቂቃ ይጣፍጣል፣ ከዚያ ጎማ ነው። ማስቲካው የተኛበት ካርድ ጀርባው ይወይባል። ማን ግድ ነበረው? ያ ጨዋታ ነበር፣ የዛሬው ቁማር ነው። እኔ ሁለት የጫማ ካርቶን ሙሉ ነበረኝ። ቤት ስንቀይር እናቴ ባትጥለው ኖሮ ዛሬ ለልጄ አሳየው ነበር።

ሒሳብ ሹም
መጣች «እናቴ ባትጥለው ኖሮ»! ይቺን ያላላት የፓይክ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ።

ወንድሜ፣ እናትህ ቦታ ነው ያተረፈችልህ። የዚያን ጊዜ ካርድ እንደ ጉድ ነበር የሚታተመው። አታሚዎቹ ቶፕስ፣ ዶንረስ፣ ፍሊር፣ ስኮር፣ በ1989 ደግሞ አፐር ዴክ ተጨመረ። አገር ምድሩ «ነገ ሀብት ነው» ብሎ በፕላስቲክ ሸፍኖ አስቀመጠ። ሁሉም ቤት ያለ ነገር ደግሞ ዋጋ የለውም። ሁለቱ ካርቶንህ ዛሬ ቢገኝ ለአንድ ክትፎ ይበቃህ እንደሆነ እንጃ።

የፓይኩ ልጅ
እኔ መቼ ዋጋ አልኩ? «አሳየው ነበር» ነው ያልኩት። አንብብ።

ጉለሌ
ይቅርታ፣ ከአዲስ አበባ ነኝ። ካርድ ስትሉ የሞባይል ካርድ መስሎኝ ገብቼ ነው። እኛ የምናውቀው የሚፋቀውን ነው። ደግሞ 1989 ስትሉ በማን አቆጣጠር ነው? በእኛ 1989 እኔ ቆርኪ እየሰበሰብኩ ነበር።

ሒሳብ ሹም
በፈረንጅ ነው ጉለሌ። እዚህ ያለ ሰው በፈረንጅ ነው ያረጀው።

እቴ ሜቴ
ስለ እናቶች ስታወሩ ዝም ብዬ አላልፍም። ሌሊት ሆቴል ስታጸዳ አድራ፣ ጠዋት ወደ ሌላ ሥራ የምትሮጥ ሴት፣ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ አምስት ሰው ይዛ፣ የሰውዬ ፎቶ የሞላበት ካርቶን ትጠብቅልህ? የእኔም እናት የወንድሜን ጥላለች። እሰይ!

ቀልዱን ተዉትና ያ በ2022 ነሐሴ በ12.6 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው የ1952 የቶፕስ ካርድ፣ የቤዝቦል ኮከቡ የሚኪ ማንትል፣ ለምን የተወደደ ይመስላችኋል? የ50ዎቹ እናቶች ስለጣሉት ነው! ካምፓኒው ራሱ ያልተሸጠለትን በ1960 በጀልባ ጭኖ አትላንቲክ ውስጥ ደፍቶታል። ለካርዱ ዋጋ የሰጠችው የጣለችው እናት ናት። ኮሚሽን ይገባት ነበር።

ሒሳብ ሹም
በዚህ እስማማለሁ። በእናቶች ላይ ክርክር የለኝም። ግን ባለቤቱ ያንን ካርድ በ1991 በ50,000 ዶላር ነው የገዛው። 31 ዓመት አስቀምጦ በ12.6 ሚሊዮን ሸጠ። ይሄ ቁማር ከሆነ እኔም ቁማርተኛ ልሁን።

ኦሪዮልስ ብቻ
ሁላችሁም ቁምነገሩን ዘላችሁት። ዋሽንግተን የነበራት የቤዝቦል ቡድን በ1971 ከሄደ በኋላ እስከ 2005 የራሷ ቡድን አልነበራትም፤ እኛ የባልቲሞሩ ቡድን የኦሪዮልስ ደጋፊዎች ነን። የ1989ኙን የፍሊር የቢሊ ሪፕከን ካርድ የሚያስታውስ የለም? የኦሪዮልሱ ኮከብ የካል ወንድም። የዱላው ጫፍ ላይ ነውር ስድብ ተጽፎ ሳያዩት ያሳተሙት።

ያኔ አገሩ ከገባን ገና አንድ ዓመታችን ነበር። ካርዱን ይዤ ሄጄ «አባዬ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» አልኩት። አባቴ መነጽሩን አድርጎ፣ አንብቦ፣ ካርዱን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «የፋብሪካው ስም ነው» አለኝ። ማክሰኞ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ ተናገርኩት። ቀሪውን ገምቱ።

የፓይኩ ልጅ
😂 የፋብሪካው ስም! ይኸው፣ እኔ የምለው ይሄንን ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ ታሪክ አለ? ዛሬ ካርዱ ፕላስቲክ ውስጥ ታሽጎ፣ ጥራቱ ከ10 ስንት እንደሆነ ተመዝኖ፣ 10 ወይም 9 የሚል ቁጥር ይለጠፍበታል።

ሒሳብ ሹም
እሺ ንጹሑ ሰው። ቤኬት መጽሔትን ታውቃታለህ? ወር በወር የካርድ ዋጋ የምታወጣውን? የፓይክ ልጆች አውቶቡስ ውስጥ ምን ስታነቡ ነበር? የኬን ግሪፊ ጁኒየርን ሩኪ (የመጀመሪያ ዓመቱን ካርድ) ፍለጋ አፐር ዴክ ስትቀዱ «ጨዋታ» ነበር? ካርድ ግድግዳ ላይ እየወረወራችሁ የቀረበው ሰው ሁሉንም ሲጠቀልልስ? የልጅ ቁማር ሆኖ ነው እንጂ ቁማር ነው።

ጉለሌ
እኛም በቆርኪ እንደዛው ነበርን። ተበልቶ እያለቀሰ ቤቱ የሚገባ ልጅ ነበር። እኔ ነኝ።

የፓይኩ ልጅ
የቤኬቱን አልክድም። ግሪፊንም ፈልጌያለሁ። አላገኘሁትም። አንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ያለ ካርድ ነጋዴ፣ ያኔ ትልቅ ሰው ነው፣ 40 ካርዴን በአንዲት ማዕዘኗ የታጠፈ ካርድ ለውጦ ሸኝቶኛል። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ግን የከሰርኩት 40 ካርድ ነው፤ የቤት ኪራይ አይደለም። የዛሬው «ብሬክ» የሚሉት ግን አዋቂ ሰው ስልኩ ላይ ተጋድሞ፣ ሌላ ሰው ሳጥን ሲቀድለት እያየ፣ የአንድ ቡድን ዕጣ በ200 ዶላር የሚገዛበት ነው። ባዶ እጁን ይቀራል፣ ደግሞ ይገዛል። ጉለሌ ካርድ ይፋቃል አላለም? ተፋቀ!

እቴ ሜቴ
በ2021ም ዊስኮንሲን ታርጌት የሚባለው ሱቅ ደጃፍ በካርድ ተደባድበው ሽጉጥ ተመዘዘ፤ ታርጌትም ካርድ ሱቆቹ ውስጥ መሸጡን አቁሞ ነበር። ለሒሳብ ሹም ኢንቨስትመንት።

ሒሳብ ሹም
ሰው በጥቁር ዓርብ (ብላክ ፍራይዴይ) ቅናሽ ላይም ለቴሌቪዥን ይደባደባል። ቴሌቪዥን ቁማር ነው?

ኦሪዮልስ ብቻ
ቁጥር የሚለጥፉትን ታምናለህ ወይ? ያ የታወቀው የጥንቱ ተጫዋች ሆነስ ዋግነር ካርድ፣ የሆኪው ኮከብ ዌይን ግሬትዝኪ በ1991 ከባልንጀራው ጋር በ451,000 ዶላር የገዛው፣ 8 ተሰጥቶት አልነበረም? በ2013 ካርዱን ቀደም ሲል የሸጠው ነጋዴ ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ጠርዙን ቆርጬዋለሁ» ብሎ አመነ። በመቀስ የተስተካከለ 8።

ሒሳብ ሹም
አንድ ሌባ ተገኘ ተብሎ ባንክ አይዘጋም።

ኦሪዮልስ ብቻ
ባንክ አለው ወረቀቱን!

የፓይኩ ልጅ
ቆይ፣ አሁን እናቴ ጋ ደወልኩ። «ያንን የካርድ ካርቶን የት ጣልሽው?» አልኳት። «ምን ጣልኩ ትለኛለህ? ለሦስተኛ ፎቁ ልጅ ሰጠሁት እንጂ፤ አንተ እኮ ያኔ ትተኸው ቅርጫት ኳስ ነበር የምትጫወተው» አለችኝ። 35 ዓመት ሙሉ በሰው ፊት ሳማት ኖሬ።

እቴ ሜቴ
ይቅርታ ጠይቅ። እዚህ፣ በአደባባይ።

ሒሳብ ሹም
እና «አሳየው ነበር» ያልከው? ትተኸው ነበር እኮ! ራስህ ነህ የጣልከው።

የፓይኩ ልጅ
ልጅ ነበርኩ። ልጅ ይተዋል። የዘንድሮው አባት ግን ልጁ ሳይነካው ነው ያስተወው። እሱን መልስልኝ።

ኦሪዮልስ ብቻ
ሦስተኛ ፎቅ አለች? የትኛው ሕንፃ? ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለው ቀዩ ጡብ ነው?

የፓይኩ ልጅ
አዎ። ምነው?

ጉለሌ
ኦሪዮልስ ብቻ መስመሩን ለቆ ወጣ መሰለኝ 😂