የሻወር ቤት ፍሳሽ በጸጉር ተዘግቶ ውሃው ወለል ላይ ይተኛል፤ ምን ይሻላል?

ነዋሪ_3ኛ_ፎቅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ቤት ነው። ሻወር ሲከፈት ውሃው ወዲያው እስከ ቁርጭምጭሚት ይሞላል፤ ከተዘጋ በኋላ ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። የእጅ መታጠቢያው ሲለቀቅም ውሃው በወለሉ ማፍሰሻ በኩል ይወጣል። ሽንት ቤቱ ደህና ነው። ቤቱ ውስጥ ሦስት ሴቶች አለን፤ ሹሩባ እንሠራለን፣ ቅቤም እንቀባለን። ቤኪንግ ሶዳና ኮምጣጤ ጨምረን ነበር፣ አረፋ ሆኖ ቀረ። ኮስቲክ ሶዳ ልሞክር ወይስ ቧንቧ ሠራተኛ ልጥራ?

ካቻቢቴና_ፒንሳ፦
እህቴ፣ ኮስቲክ ሶዳውን ተይው። ጸጉር ተጎትቶ ነው የሚወጣው። ቧንቧ ሠራተኛ የምትጠሪውም ከዚህ በታች ያለው ካልሠራ ብቻ ነው።

የተዘጋበት ቦታ ከነገርሽን ምልክት ይታወቃል። በብዙ ኮንዶሚኒየም የእጅ መታጠቢያው ቱቦ ከወለሉ ሲፎን (ሽታ እንዳይወጣ ውሃ የሚይዘው ከፍርግርጉ ሥር ያለው ክፍል) ጎን ይገባል። የመታጠቢያው ውሃ በወለል ከወጣ፣ የተዘጋው ሁለቱ ከተገናኙበት ወዲህ አይደለም፤ ሲፎኑ ራሱ ወይም ከእሱ ቀጥሎ ያለው ክርን (የቱቦው መታጠፊያ) ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድመሽ አረጋግጪ፦ እናንተ ምንም ውሃ ሳትለቁ ከወለሉ ውሃ የሚመጣ ከሆነ የተዘጋው የጋራው ቁም ቱቦ ነው። ያኔ ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ውሃ እንዳይለቁ ንገሪያቸውና ለሕንፃው ኮሚቴ አሳውቂ፤ ከቤትሽ ሆነሽ የምትፈቺው አይደለም።

የራሳችሁ ከሆነ ጓንት አድርጊ፣ የተኛውን ውሃ በኩባያ ቀድተሽ ባልዲ ውስጥ ጨምሪ። ፍርግርጉን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከጠርዙ አንሺው፤ ብሎን ካለው ፍቺው። ከሥሩ የተደፋ ኩባያ የመሰለ ክዳን ታገኛለሽ። ውሃው በዚህ ክዳን ጠርዝ ሥር ሾልኮ ነው ወደ መሃለኛው ቱቦ የሚገባው፤ ጸጉሩም የሚጠመጠመው እዚያው ጠርዝ ላይ ነው። ክዳኑ በውሃ ጨው ተጣብቆ እንቢ ካለ በፒንሳ ይዘሽ ግራ ቀኝ እያዞርሽ ሳቢው። አትምቺው፣ ፕላስቲኩ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ብዙ ጊዜ ግማሹ ችግር እዚህ ላይ ያልቃል።

ቀጥሎ የልብስ መስቀያ ሽቦ ዘርግተሽ ጫፉን አንድ ሳንቲሜትር ያህል እጠፊው። መንጠቆው ትልቅ ከሆነ የቱቦው መገጣጠሚያ ላይ ይያዝና አልወጣም ይላል። ቀስ ብለሽ አስገቢ፤ ለስላሳ ነገር ሲነካሽ አትግፊ፣ ሽቦውን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስድስት ሰባት ጊዜ አዙሪው። ጸጉሩ ሽቦው ላይ ይጠመጠማል። ከዚያ በዝግታ ጎትቺ። ሲቸኩሉ ነው የሚበላሸው፤ ጥቅሉ ይበጠስና ቀሪው እጅ ወደማይደርስበት ክርን ይወርዳል። ባዶውን እስኪወጣ ድረስ መላልሽው። የወጣውን በላስቲክ ቋጥረሽ ቆሻሻ ውስጥ ጣይ እንጂ ሽንት ቤት አትልቀቂው።

ቆሞ_ያየ፦
ሽቦው ካልደረሰ የላስቲክ መግፊያ (እንጨት እጀታ ያለው ግማሽ ኳስ ጎማ) ይሠራል፤ ግን ከሽቦው በኋላ ነው ተራው። ቀድሞ ከገባ ጥቅሉን እያጠበቀ ወደ ታች ይወስደዋል። የእጅ መታጠቢያው ከዚያው ሲፎን ጋር ስለተገናኘ፣ የመታጠቢያውን ቀዳዳም ከላይኛው ጠርዝ ሥር ያለችውን ትንሿን የትርፍ ውሃ ቀዳዳም በእርጥብ ጨርቅ ድፈኑ። ካልተደፈኑ ግፊቱ በእነሱ በኩል ይወጣና ልፋቱ ከንቱ ነው። ጎማው በውሃ ተሸፍኖ መሆን አለበት፤ አየር መግፋት ምንም አይፈይድም። ኃይሉ ያለው ወደ ላይ በመሳቡ ላይ ነው።

ኬሚስትሪ_ለቤት፦
ስለ ኮስቲክ ሶዳው ትንሽ ልጨምር፤ እዚህ ላይ ሰው ዓይኑን እስከ ማጣት ይደርሳል።

ቤኪንግ ሶዳና ኮምጣጤ እርስ በርስ ተፋጅተው ጋዝ፣ ውሃና ጨው ይሆናሉ። የሚቀረው ፈሳሽ ጸጉርን የመብላት ኃይል የለውም። አረፋው ሥራ የሚሠራ ይመስላል እንጂ ጥቅሉን አይነካውም።

ኮስቲክ ሶዳ የሰውን ጸጉር በእርግጥ ይበላል። ግን የእናንተ ቱቦ ውስጥ ያለው የሰው ጸጉር ብቻ ላይሆን ይችላል። ለሹሩባ ማስረዘሚያ የሚገዛው ሰው ሠራሽ ጸጉር ፕላስቲክ ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ አያሟሟውም። በዚያ ላይ ውሃ በተኛበት ሲጨመር ይቀጥናል፣ ያልሟሟው ደግሞ ሲፎኑ ግርጌ እንደ ድንጋይ ይጋገራል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ካልሠራ በኋላ ነው፦ ሽቦ የሚያስገባው ሰው እጁንና ፊቱን ኮስቲክ ውሃ ላይ ይዞ ነው የሚሠራው። ቀድሞ የተጨመረ ካለ ለቧንቧ ሠራተኛው ሳይነግሩ ማስጀመር ነውር ነው። ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ወዲያው በሚወርድ ውሃ ቢያንስ 20 ደቂቃ ማጠብ፣ ዓይን ከሆነ እየታጠበ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ለሽንት ቤት ማጽጃ የሚሸጠው አሲድ ደግሞ ጸጉሩን ትቶ የወለሉን ሲሚንቶና የፍርግርጉን ኒኬል ይበላል። በረኪና የተጨመረበት ቱቦ ላይ ከተደፋ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ መስኮት በሌለው ሻወር ቤት ውስጥ ገዳይ ነው።

ካቻቢቴና_ፒንሳ፦
ትክክል። ጸጉሩ ከወጣ በኋላ ግን የቅቤው ነገር ይቀራል። ቅቤ ሻወር ላይ በሙቅ ውሃ ቀልጦ ይወርድና ቀዝቃዛው ቱቦ ግድግዳ ላይ ሲደርስ ይረጋል፤ ቀጥሎ የመጣው ጸጉር እዚያ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ላርጎ አፍሺበትና አምስት ሊትር ሙቅ ውሃ አስከትይ። የፈላ አይደለም! የፒቪሲ ቱቦ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲደጋገምበት ይለሰልሳል፣ መጋጠሚያውም ይለቃል። ግማሽ የፈላ ውሃ ላይ ግማሽ የቧንቧ ውሃ ብትቀላቅይ ልኩ ይሆናል።

ነዋሪ_3ኛ_ፎቅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከክዳኑ ሥር ብዙ ወጣ፣ በሽቦውም ረጅም ጥቅል ተጎተተ፤ አሁን ወለሉ ላይ ውሃ አይተኛም። የእጅ መታጠቢያው ብቻ ትንሽ ይዘገያል። ዳግም እንዳይዘጋስ?

ቆሞ_ያየ፦
የመታጠቢያው የራሱ ሲፎን ነው የቀረው። ባልዲ ከሥሩ አድርጊና የታችኛውን ኩባያ በእጅሽ ፍቺው። ውስጡ ያለውን ቆሻሻ እዚያው መታጠቢያ ላይ እንዳትደፊው፤ ሲፎኑ ክፍት ስለሆነ እግርሽ ላይ ነው የሚወርደው። ጎሚኒውን (ውሃ እንዳያንጠባጥብ የሚያደርገውን የጎማ ቀለበት) ጠርገሽ በቦታው መልሺ፣ በእጅ ብቻ አጥብቂ። በፒንሳ ካጠበቅሽው ጥርሱ ይበላል። ሲፎኑ እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፈው ዓይነት ከሆነ ግን አትድከሚ፣ ቀይሪው፤ በየሽንሽኑ ጸጉር ይይዛል።

ካቻቢቴና_ፒንሳ፦
ለወደፊቱ ትልቁ ነገር ሹሩባ የሚፈታበት ቀን ነው። ሹሩባው በቆየበት ጊዜ ሁሉ የረገፈው ጸጉር ጉንጉኑ ውስጥ ተይዞ ይቆይና ሲፈታ ባንዴ ይወርዳል። ስለዚህ በደረቁ፣ ጋዜጣ ላይ ተበጥሮ ይለቅና ከዚያ መታጠብ። ቅቤውንም መጀመሪያ በአሮጌ ጨርቅ ወይም በሶፍት ጠረግ አድርጉት። የመጀመሪያውን እጥበት ሳፋ ላይ ካደረጋችሁት ደግሞ ውሃውን ሌሊቱን አሳድሩት፤ ጠዋት ቅቤው ላዩ ላይ ረግቶ ይገኛል፣ በማንኪያ ተገፎ ይጣላል። ፍርግርጉ ላይ ቀዳዳው ከአምስት ሚሊሜትር ያልበለጠ የጸጉር ማጥለያ አስቀምጡ፣ ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ ይነሳ።

ነዋሪ_3ኛ_ፎቅ፦
አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ያ የተደፋ ክዳን ባይመለስ ውሃው የበለጠ ይፈጥናል። ብተወውስ?

ካቻቢቴና_ፒንሳ፦
በፍጹም። በጠርዙ ዙሪያ የሚቀረው ውሃ ነው የፍሳሹን ሽታና በረሮውን የሚያግደው። ብዙ ቤት «ሻወራችን ይሸታል» የሚባለው ክዳኑ ተነስቶ ስለተጣለ ነው። ከተሰነጠቀ ልኩን ይዘሽ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሂጂ፣ ለብቻው ካላገኘሽ ከነፍርግርጉ ይሸጣል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰሞን ወይም ቤቱ ተዘግቶ ሲከርም ደግሞ ያ ውሃ ይደርቃል፤ በየሳምንቱ አንድ ሊትር ውሃ ማፍሰስ ይበቃል።